ለማን ላስነብበው? ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ልብ ወለድሽን ሁለት ዓመት ጽፈሽ መጨረሻው እንዳስቸገረሽ፣ አሁን ለሰው ላስነብብ ወይስ ልጨርስ ብለሽ እንደተጨነቅሽ አነበብኩ። እኔም እዚያው ቦታ ቆሜ አውቃለሁና ያየሁትን ላጫውትሽ።

መጀመሪያ እንደምንም ጨርሺው። መጨረሻው ባያምርም ይሁን። እኔ ገና ሰባት ምዕራፍ እንደጻፍኩ ለአንድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። «አሪፍ ነው፤ ግን ለምን ታሪኩን ወንድሙ አይተርከውም?» አለኝ። ተመልሼ ከምዕራፍ አንድ ጀመርኩ። ሌላዋ ደግሞ ሌላ ነገር አለችኝ፤ እንደገና ከአንድ። አንድ ዓመት ሙሉ ከሰባተኛው ምዕራፍ ፈቅ አላልኩም። ታሪኩ ካላለቀ አንባቢ የጎደለውን በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ አንቺም የሱን ታሪክ ስትከተዪ ያንቺ ይጠፋብሻል።

ስትጨርሺ ሦስት አራት ሳምንት አትንኪው። ከዚያ ራስሽ አንብቢና የታየሽን አርሚ። አንድ ሰው ታሪክሽን እንደ አዲስ የሚያነበው አንዴ ብቻ ነው። ያንን ዕድል አንቺው በምታውቂው ስህተት ላይ አታባክኚው። ለዚህም ነው ለሁሉም በአንድ ጊዜ የማልሰጠው። አምስት ሰው ካለኝ ለሦስቱ እሰጣለሁ፤ የቀሩትን ሁለት ሰዎች ግን፣ ካረምኩ በኋላ ለሚኖረው ረቂቅ አቆያቸዋለሁ።

ምርጫው ላይ ብዙ አትጨነቂ። ያንቺን ዓይነት ልብ ወለድ ወዶ የሚያነብ ሰው ይበቃል። ቤተሰብ ግን ይቆይ፤ ስለሚወዱሽ እውነቱን መናገር ይከብዳቸዋል።

ትልቁ ነገር ጥያቄው ነው። «እንዴት ነው?» ካልሽ «ጥሩ ነው» ይሉሻል፤ በዚህ ምንም ማረም አትችዪም። እኔ አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው። የት ላይ ማንበብ አቁመህ አስቀመጥከው? የት ላይ ገጽ ዘለልክ? የቱን ነገር አላመንክም? እዚህ ስትደርስ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብለህ ጠበቅህ? እያነበቡ ኅዳጉ ላይ «ሰለቸኝ»፣ «ግራ ገባኝ» ብለው እንዲጽፉልኝም እለምናለሁ።

አንዴ ሦስቱም አንባቢዎቼ 11ኛው ምዕራፍ ላይ ደከሙ። አንዱ ንግግሩ በዛ አለኝ። ሌላዋ ሴቲቱን ጠላኋት አለች። ሦስተኛው ምዕራፉን ጨርሶ አውጣው አለኝ። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው፤ የታመመው ቦታ ግን አንድ። ብዙ ሳሰላስል ችግሩ 4ኛው ምዕራፍ ላይ ተገኘ። ሴቲቱ ከቤቷ ስትወጣ ምን እንዳጣች አልጻፍኩም ነበር። ሳይነገራቸው እንዴት ይዘኑላት? 4ኛው ላይ ሁለት አንቀጽ ጨመርኩ። 11ኛውን ብዙም አልነካሁትም። ከዚያ በኋላ ያነበቡት እዚያ ምዕራፍ ላይ አልቆሙም፤ ያቃተኝ መጨረሻም ከነዚያ ሁለት አንቀጾች ውስጥ ወጣ። ያጣችውን ካወቅሁ በኋላ ወዴት እንደምትመለስ ገባኝ። ምናልባት ያንቺም መጨረሻ የተቋጠረው ወደ ኋላ አንድ ቦታ ይሆናል።

ስለዚህ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ሲሉሽ እመኚያቸው። «እንዲህ አድርጊው» ሲሉሽ ግን አመስግነሽ ለራስሽ አስቢበት። አንድ ሰው ብቻ ያነሳው የአጻጻፍ ምርጫ ከሆነ ልታልፊው ትችያለሽ።

ሲነግሩሽ ደግሞ ዝም ብለሽ ጻፊ። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ሚልፎርድ በምትባል ቦታ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች መገናኘት ጀምረው ነበር። በነሱ ስም በሚጠራው ዘዴ እያንዳንዱ ተራ በተራ አስተያየቱን ሲሰጥ ጸሐፊው አይናገርም፤ መልስ የሚሰጠው ሁሉም ሲጨርሱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንዷን አንባቢዬን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርኳት። ከዚያ ወዲህ ስጠይቃት «ጥሩ ነው» ብቻ ሆነ መልሷ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለት ዙር አስነብበሽ፣ በሁለተኛው የሚነሳው አስተያየት እርስ በርሱ የሚጋጭ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ከሆነ፣ ማስነበቡን አቁሚና ወደ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ እርማት ግቢ። ረቂቁን ስትጨርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ከሁለተኛው ዙር አንባቢዎችሽ አንዱ እኔ እሆናለሁ።