ካርታው በማን ስም ይውጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አንድ ሆስፒታል የምንሠራ አምስት ነርሶች ነን። ለዓመታት አብረን እቁብ ስንጥል ኖረናል። አሁን ያጠራቀምነውን አንድ ላይ አድርገን ጀሞ ባለአንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝተን ልናከራይ ነው። ቢሮ ለቢሮ እንዳንንከራተት ካርታው በአንዳችን ስም ይውጣ ተባብለናል፤ በጣም እንተማመናለን። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብለን ቤቱን ለማደስም አስበናል። ምን ይመክሩናል?
ሲስተር ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሲስተር፣ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ባንክ ስሠራ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ስቱዲዮ ገዛን። ካርታው በዕድሜ በሚበልጡን ባልደረባችን ስም ወጣ። እያንዳንዱን ክፍያ በአንድ ጥቁር ደብተር እንጽፋለን፤ በየወሩ አራት ፊርማ። ታማኝ ሰው ነበሩ። ታመሙና በሦስት ሳምንት አረፉ። አርባቸው ካለፈ በኋላ ደብተሩን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው ስለ ስቱዲዮው አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም። ገጹን እየገለጡ የባላቸውን ፊርማ በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ታዲያ ይሄ የልጆቼ ቤት አይደለም?» አሉን። ካርታው የሚለው እሳቸው ያሉትን ነው። በሽማግሌ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብን፤ ያወጣነውን ብቻ አገኘን።

መተማመናችሁን አልጠራጠርም። ግን ሰው ይሞታል፣ ይፋታል፣ ነርስ ደግሞ ዕድል ካገኘች ውጭ አገር ትሄዳለች። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት እንዲደረግ ያዛል። ስለዚህ አምስታችሁም ገዢ ሆናችሁ ውልና ማስረጃ ቅረቡ። ድርሻችሁም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሕጉ እኩል ነው ብሎ ይገምታል፣ አብልጣ ያዋጣችው ትጎዳለች። አንዷ መውጣት ብትፈልግ ዋጋው እንዴት እንደሚተመን፣ በስንት ወር እንደሚከፈላት አሁን፣ ሳትቀያየሙ ተስማሙ። ሻጩ ቤቱን በዕጣ ያገኘው ከሆነ መሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት መሙላቱን፣ የባንክ ዕዳውም ማለቁን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ።

የስድስት ወሩን ነገር ተዉት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል ይከለክላል፤ ውሉም ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው። የማደሻውን ከኪሳችሁ አስቡ።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ እያንዳንዳችሁ ለባላችሁ፣ ያላገባችሁም ለእናታችሁ ስለዚህ ቤት ንገሩ።