ውጤቱ የከረጢቱ ቢሆንስ?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

የምግብ ሳይንስ ተመራማሪ ነኝ። ከወተት ፕሮቲን ጋር ስውል ስምንት ዓመት አለፈኝ። ስሜን ያስጠራልኝ ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተምነው ጥናት ነው፤ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት በውኃ ተበጥብጦ አልትራሳውንድ (ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ) ካለፈበት በኋላ በአሲድ ሲረጋ በጣም ጠንካራ ጄል ይሰጣል የሚል።

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ሙከራውን ልትደግም ብትሞክር አልሆነላትም። የጄል ጥንካሬ መለኪያው፣ ሪዮሜትሩ፣ አልትራሳውንድ ላለፈበትም ላላለፈበትም ናሙና 20 ፓስካል ገደማ ብቻ ያሳያል። ተቆጣኋት። በኋላ ራሴ ብሞክረው ለእኔም እምቢ አለ። የድሮ ማስታወሻ ደብተሬን ሳገላብጥ በገዛ እጄ የጻፍኳት አንዲት መስመር አገኘሁ፦ «ዱቄት አለቀ፣ አዲስ ከረጢት ተከፈተ።» አልትራሳውንድ ያላለፈባቸው ናሙናዎች በሙሉ ከአሮጌው ከረጢት፣ ያለፈባቸው ደግሞ ከአዲሱ የተሠሩ ናቸው። የአሮጌው መለያ «ዝቅተኛ ሙቀት» ይላል፤ የአዲሱ «ከፍተኛ ሙቀት»።

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። «ልዩነቱ ትንሽ ነው የሚሆነው፤ ጥናቱ በሌሎች ተጠቅሷል፣ አትነካኪው» አሉኝ። በዚሁ ሰሞን በአተር ፕሮቲን ላይ የሚሠራ ቡድን ለሥራ ጠርቶኛል። ባልደረቦቼም «ወተት እንደሆነ ተጠንቶ አልቋል» ይሉኛል። ዝም ብዬ ልሂድ? ስምንት ዓመቴስ ባከነ ማለት ነው?

እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ

እህቴ፤ እኔም ይህን አምድ ከመያዜ በፊት ቤተ ሙከራ ውስጥ ኖሬያለሁና «አዲስ ከረጢት ተከፈተ» የምትለውን መስመር ሳነብ ክው አልኩ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ዝም ብለሽ አትሂጂ።

የአለቃሽ «ትንሽ ነው» ማለት ከቶ አልተዋጠልኝም። ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ገደማው ኬዚን፣ የቀረው የአጓት ፕሮቲን መሆኑን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ስል ነው የምጽፈው። የአጓቱ ዋነኛ ፕሮቲን፣ ቤታ ላክቶግሎቡሊን፣ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይፈታና ውስጡ ተሸሽጎ የነበረው የሰልፈር ጫፍ ይገለጣል። በዚያ ጫፍ፣ ኬዚኑ ተጠቃሎ በሚገኝበት ጥቃቅን እንክብል (ሚሴል) ዳር ላይ ያለውን ካፓ ኬዚን የሚባል የኬዚን ዓይነት ይይዛል። እንዲህ የተያያዘ ወተት በአሲድ ሲረጋ ጄሉ ካልሞቀው ብዙ እጥፍ ይጠነክራል። እርጎ አምራቾች ወተቱን አስቀድመው እስከ 85 ወይም 90 ዲግሪ የሚያሞቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የዱቄቶቹ ልዩነትም ቀላል አይደለም፤ በተለመደው አመዳደብ ዝቅተኛ ሙቀት ያየ ዱቄት በአንድ ግራም ቢያንስ 6 ሚሊግራም በሙቀት ያልተለወጠ የአጓት ፕሮቲን ናይትሮጅን (የፕሮቲኑ መጠን የሚለካበት) ይይዛል፣ ከፍተኛ ሙቀት ያየው ከ1.5 አያልፍም። ለአልትራሳውንድ የሰጠሽው ምስጋና ወተቱን ከመድረቁ በፊት ላሞቀው ፋብሪካ የሚገባ ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልኩት አውቄ ነው። አልትራሳውንዱም የራሱ ድርሻ ይኖረው ይሆናል። ስለዚህ ኑዛዜ ይዘሽ አትሂጂ፤ ሰንጠረዥ ይዘሽ ሂጂ። ሁለቱንም ዱቄት፣ እያንዳንዱን አልትራሳውንድ አሳልፈሽበትና ሳታሳልፊበት ሥሪ። ከዚያ ከሁለቱም ዱቄት ናሙና ወስደሽ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 4.6 አድርሺው፤ ኬዚኑ ይዘቅጣል፣ በሙቀት የተለወጠው የአጓት ፕሮቲንም አብሮት ይወርዳል። ከላይ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ለኪ። ቁጥሩ ከረጢቶቹን ይለያቸዋል።

ሰንጠረዡን መጀመሪያ ለአለቃሽ አሳዪ። እንደገና «ተዪው» ካሉ ለሌሎቹ የጥናቱ ደራሲዎች ላኪና ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጻፊ። ማረሚያ ይበቃል ወይስ ጥናቱ ይሳብ የሚለውን ውጤቱ ራሱ ይመልሰዋል። ጥናቱ ተጠቅሷል መባሉ ደግሞ ለመፍጠን እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ አሁን በዚያ ቁጥር ላይ ሥራውን የሚገነባ ሌላ ተማሪ አለ።

የተቆጣሻትን ልጅ ይቅርታ ጠይቂያት። ስህተቱ ወደ ብርሃን የወጣው በእሷ ነውና በማረሚያው ላይ በስሟ አመስግኛት። ይህን በደብዳቤሽ አለማንሳትሽ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

አተሩ በእውነት ከሳበሽ ሂጂ። ሽሽት ከሆነ ግን የአተር ፕሮቲንም አብዛኛውን ጊዜ በአልካሊ ሟሙቶ፣ በአሲድ ዘቅጦ፣ በሙቅ አየር ደርቆ ነው የሚመጣው፤ እዚያም ከረጢት ሲቀየር ጄሉ ይቀየራል። ወተት አልቋል ለሚሉሽ ደግሞ፣ ቤታ ላክቶግሎቡሊን በ1934 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ከወጣ ወዲህ በወተት ውስጥ ዋና ሥራው ምን እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል፤ በሰው ወተት ውስጥ ጭራሹኑ የለም። የኬዚን ሚሴል ውስጡ እንዴት እንደተደራጀም ገና ስምምነት የለም። ስምንት ዓመቱን በተመለከተ፣ የከረጢት መለያ አንብቦ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ያን ያህል ዓመት የሠራ ሰው ነው።

ከአሮጌው ከረጢት የተረፈ ካለ ዛሬውኑ አየር በማያስገባ ዕቃ ከድነሽ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሪው። ሁለት ዓመት የቆየ ዱቄት ግን ራሱ ያረጃልና ከሁለቱም ዓይነት ትኩስ ዱቄት ጨምሪበት፤ የትኛው ናሙና ከየትኛው ከረጢት እንደመጣም በዚህኛው ጊዜ በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ ጻፊ።