ስለቱን የተሳሉት እሳቸው፣ የሚከፍሉት ሁለታችን

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በጠና ታመው ሳለ «ከዳንሁ በተወለድሁበት ደብር አገለግላለሁ» ብለው ተሳሉ፤ ድነውም ተነሡ። ዘንድሮ የነቢያት ጾም ሳይገባ የአዲስ አበባ ቤታችንን ለልጃችን ትተን፣ ጎጃም፣ ከቢቸና ወዲያ ወዳለች ገጠር ገባን። እሳቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ያስተምራሉ፣ የአዲሱን ሕንፃ ገንዘብ ይመዘግባሉ። እኔ ለአብነት ተማሪዎችና ለግንበኞች እጋግራለሁ። የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት አምስት ድፎ ደፍቼ ሳቀርብ ባለቤቴ በሰው ፊት «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉኝ፣ እንደ ማንኛዋም ሴት። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ልጆቼ ለገና ኑ ይላሉ፤ እሳቸው ማኅሌቱን ጥለን የት እንሄዳለን ይላሉ። ቅር አለኝ እንዳልል የእግዚአብሔር ሥራ ሆነብኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ የመጨረሻው ቃል ያዘኝ። ባሌ መጠጥ አበዛ የምትል ሴት ሽማግሌ ትልካለች። ባሌን ቤተ ክርስቲያን ወሰደብኝ የምትል ግን ለማን አቤት ትላለች? ቅሬታዋን ራሷ ኃጢአት ብላ ትፈርድበትና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

እኔ እርስዎ አገልግሎቱን የጠሉ አይመስለኝም። አምስት ድፎ እስኪበስል ጭስ ውስጥ የቆመ ሰው አገልግሎት አልጠላም። የከፋዎት ሳይጠየቁ መቅረትዎ ነው። ስለቱን የተሳሉት አንድ ሰው፣ የሚከፍሉት ሁለት ሰዎች ሆናችሁ። ባለቤትዎ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሚስቱን አማክሮ አይሳልም። ከዳኑ በኋላ ግን ጊዜ ነበራቸው።

ሌላም ነገር አለ። መምህር በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ደመወዙ ብቻ አይቀርበትም፤ «መምህር» ብሎ ከመቀመጫው የሚነሣለት ሰውም ይቀርበታል። ባለቤትዎ ገጠር ገብተው ጠመኔያቸውን መልሰው ያዙ። ደስታቸው እውነተኛ ነው፣ አይንጠቁባቸው። ለእርስዎ ግን ምን ተለወጠ? ማድ ቤቱ። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ማገዶ ወረዱ፤ እድርዎ፣ የወር ማኅበርዎና የልጅ ልጆችዎ ዓባይ ማዶ ቀሩ። የቤት እመቤት ጡረታ የላትም ይባላል፤ እርስዎ ጭራሽ ሥራ ጨመሩ።

ላውራ ካርስተንሰን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር፣ ሰው የቀረው ዕድሜ አጭር መሆኑ ሲሰማው ልቡን የሚሞላውን ነገር ብቻ መርጦ ይይዛል ትላለች። እናንተም ያደረጋችሁት ይህንኑ ነው። እሳቸው መቅደሱን መረጡ፣ እርስዎ የልጅ ልጆችዎን። በዚህ ምርጫ ማን እግዚአብሔርን ይበልጥ ወደደ የሚል ሚዛን ውስጥ ከገባችሁ ግን ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ።

አሁን በጾሙ መጨረሻ፣ ሁለታችሁም ደክማችሁ ሳለ አይናገሩ። ማኅሌቱ ይቁም፣ ጾሙ ይፈታ፣ እንቅልፋችሁን ተኙ። በማግስቱ ታኅሣሥ 30 ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ቡና አፍልተው ይቀመጡ። በዚያ ሰሞን ሜዳው ሁሉ የገና ዱላ ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏልና ለደፋር ቃልም አመቺ ነው (ቀልድም ቁም ነገርም ነው)። እንዲህ ይበሏቸው፦ «ስለትዎ ይፈጸም፣ እኔም አብሬ ቆሜያለሁ። ግን አልጠየቁኝም፤ እሱ ከፍቶኛል።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም ራስዎ አይሙሉት።

ቀጥለው የስለቱን ልክ ይጠይቁ። በጭንቅ ሰዓት የተነገረ ስለት ብዙ ጊዜ ወሰን የለውም፤ አንድ ዓመት ነው? ሕንፃው እስኪያልቅ ነው? እስከ ዕለተ ሞት ነው? እዚህ ላይ እኔ ሥልጣን የለኝም፤ ንስሐ አባታችሁ ግን አላቸው፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ባለቤትዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5ን አይረሱትም፤ ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ሲለያዩ ተስማምተውና ለጊዜው ይሁን ይላል።

የዘንድሮው ገና እዚያው ይዋል። ነገር ግን ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን አለ። መንገዱ ሰላም ከሆነ እርስዎ ለአንድ ሳምንት ልጆችዎ ዘንድ ደርሰው ለከተራ ይመለሱ፤ ተማሪዎቹን የሚያበላ ሰው ደብሩ ይፈልግ፣ አንድ ሳምንት አያቅተውም። ልጆችዎ ግን ዳኛ አይሁኑ። «አባባ ጎትቶ ወሰደሽ» ማለት ከጀመሩ ነገሩ የእናንተ መሆኑ ይቀራል።

የምግብ ፍላጎትዎ ቢቀንስ ጾሙ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ከጾሙ በኋላም ምግብ ካስጠላዎት፣ እንቅልፍ ካጡና ነገር ሁሉ ከጨለመብዎት፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ስለ ድፎው ዳቦ አንድ ነገር ልበል። በእሳቸው ዕድሜ ያለ የጎጃም ሰው ሚስቱን በሰው ፊት ማመስገኑ ቀላል አይደለም፤ ያቺ ቃል ምናልባት ከአፋቸው ልትወጣ የቻለችው ትልቋ ቃል ናት። ግን «ይስጥልን» ያሉት ደብሩን ወክለው ነው። እርስዎ የጠበቁት «ይስጥልኝ» የምትለዋን ነበር። ይህችን የአንድ ፊደል ልዩነት ይንገሯቸው፤ መምህር ናቸውና ትገባቸዋለች።