ሮም ላይ ሦስት ቀን ቀርቶኛል፦ ጥያቄና መልስ ከጋሽ ሮማ ጋር

ጋሽ ሮማ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሮም ከገባሁ 27 ዓመቴ ነው። አበሻ እንግዳ ሲመጣ የማዞረው እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። ከሁሉ በፊት ግን፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስትደርሱ የቦርሳችሁን ዚፕ ዝጉ።

የቦሌዋ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ? ብቻዬን ነው የመጣሁት። ዓርብ ማታ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። ኮሎሲየምንና ትሬቪን አይቻለሁ። ለቀሩኝ ሦስት ቀናት ምን ይሉኛል?

ጋሽ ሮማ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው። ያየሽውን ተናግረሻል፣ የቀረሽን ቀን ተናግረሻል።

ነገ በሜትሮ ቢ ቺርኮ ማሲሞ ውረጂ። ከጣቢያው ስትወጪ ትልቁ ነጭ ሕንፃ የፋኦ፣ ማለት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በፋሺስቶች ጊዜ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ የታሰበ ነበር። ከፊቱ ያለው አደባባይ ላይ ነው የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የኖረው። 24 ሜትር፣ 160 ቶን ገደማ። በ2002 መብረቅ መታው። እኔ ያን ሰሞን በየቀኑ እየሄድኩ አየው ነበር፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ። በ2005 በአውሮፕላን ሦስት ቦታ ሆኖ አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። አሁን ቦታው ላይ ሁለት ትናንሽ ዓምዶች አሉ፤ የመስከረም 11ዱን የኒውዮርክ ጥቃት ለማስታወስ የቆሙ ናቸው። ባዶ ቦታ ለማየት እዚያ ድረስ መሄድ ሞኝነት ይመስላል። ሂጂና እዪው።

ከዚያ በእግርሽ ወደ ፖርታ ሜትሮኒያ፣ ከዚያ ወደ ላተራን ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን። የምትሄጂበት መንገድ ስሙ አምባ አራዶም ነው። አዎ፣ የእኛው፣ የ1936ቱ ጦርነት። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ነገር ሲተራመስባቸው «አምባራዳን» ይላሉ። አብዛኞቹ ቃሉ ተራራ እንደሆነ አያውቁም።

ከሪያድ፦ ጋሼ፣ ሮም ላይ ምን ምን ይታያል?

ጋሽ ሮማ፦ ይኼ ጥያቄ አይደለም። ስንት ቀን አለህ? ምን ትወዳለህ? እሱን ጻፍና ተመለስ።

የልደታ ልጅ፦ ቪዛዬን ማራዘም እችላለሁ?

ጋሽ ሮማ፦ እኔ ኤምባሲ አይደለሁም።

ጦመኛ፦ ጾም ላይ ነኝ። ፓስታ ብቻ ልበላ ነው?

ጋሽ ሮማ፦ ፒዛ ማሪናራ በል። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታ ከሆነ ደረቁን እዘዝ፤ እጅ ሥራ የሚሉት ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። በተርሚኒ ዙሪያ የአበሻ ምግብ ቤትም አይጠፋም። ዚፕ!

ቡና ጠጪ፦ ማኪያቶ ብዬ ባዝዝ ቡና ላይ ጠብታ ወተት አድርገው ሰጡኝ። አጭበረበሩኝ?

የልደታ ልጅ፦ የጣሊያን ማኪያቶ እንደዛ ነው ባባ። የኛው ነው የተበላሸው።

ቡና ጠጪ፦ የኛው ነው የተሻሻለው በል! ቡናውን ማን ሰጣቸውና።

ጋሽ ሮማ፦ እዚህ «ላቴ» ብትል ደግሞ ባዶ ወተት ይሰጡሃል። ቆመህ ጠጣ፣ ከተቀመጥክ ዋጋው ይጨምራል። ወደ ቁም ነገር።

የቦሌዋ፦ ቫቲካንስ? የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ሮማ፦ አለ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ይባላል፣ ከጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ኖረው ነው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 ሮም ላይ ያሳተሙት። አባ ጎርጎርዮስም ከጀርመኑ ሊቅ ከሉዶልፍ ጋር በ1649 የተገናኙት እዚሁ ሮም ነው። ግን የቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንዲሁ ገፍተሽ አትገቢም። ባዚሊካው ጉልላት ላይ ውጪና በስተጀርባ ወደ አትክልቱ ተመልከቺ። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ ስለሚቀበሉ ወደ ባዚሊካው ከሰዓት ሂጂ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላሽን ያዢ።

ከሪያድ፦ ሁለት ቀን አለኝ። ምን ይታያል?

ጋሽ ሮማ፦ ለቦሌዋ የመለስኩትን አንብብ።

አርበኛው፦ ጋሼ የዶጋሊን ሐውልት ረሱት? ዘርዓይ ደረስ አምስት ጣሊያን በሰይፍ ፈጀ የሚባልበትን?

የጎንደሩ፦ አምስት አይደለም፣ ከዚያ በላይ ነው የሚባለው።

አስመሪኖ፦ ቁጥሩን ተዉትና ኤርትራዊ መሆኑን ጥቀሱ።

አርበኛው፦ የተሟገተው ለየትኛው ባንዲራ ነበር ታዲያ?

ጋሽ ሮማ፦ ተዉ፣ ተዉ! ሁልጊዜ እዚህ ስንደርስ እንጣላለን። የሚታወቀውን ልንገራችሁ። በ1887 የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጉ ጣሊያኖችን ደመሰሰ። ከተርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» የሆነው ለእነሱ ነው። ማስታወሻቸው የግብፁ የራምሴስ ሐውልት ነው፣ ያውም የሰው አገር ቅርስ። ሥሩ ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ዘርዓይ በ1938 ጎራዴ የመዘዘው እሱን አይቶ ነው። ተይዞ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገባ፣ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ ሞተ። ኤርትራ ተወለደ፣ ለአንበሳው ተቆጣ። ሁለቱም እውነት ነው። አንበሳው ተመልሶ ለገሃር ቆሟል። በቃ።

ሸማች፦ ጫማ የት ይረክሳል?

ጋሽ ሮማ፦ አላውቅም። ከአንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ ከገዛሽ ግን የታክስ ተመላሽ ወረቀት ጠይቂ።

የቦሌዋ፦ ጋሼ፣ ወደ ኤርፖርት በምን ልሂድ? የዶጋሊው ሐውልትስ በትክክል የት ጋ ነው?

ጋሽ ሮማ፦ ከተርሚኒ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 32 ደቂቃ ነው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ሐውልቱ መንገድሽ ላይ ነው። የጣቢያውን አደባባይ አቋርጠሽ ወደ ሪፑብሊካ ስትሄጂ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ አትክልት ስፍራ። አዎ፣ ያ ሰማዕታትን የፈጀው ዲዮቅልጥያኖስ። ሻንጣሽን ይዘሽ አትሂጂ፣ ጣቢያው ማስቀመጫ አለው።

የቦሌዋ፦ (ዓርብ) ጋሼ፣ አገኘሁት። ሁለት ሰዎች ሥሩ ተቀምጠው ሳንድዊች እየበሉ ነው። ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ጋሽ ሮማ፦ ዚፕሽስ?

የቦሌዋ፦ ተዘግቷል።