አዲሱ ጊታርህ አልተበላሸም፤ ሞረዱ ይቆይ

አንድ የድሬዳዋ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? ውጭ አገር ባለ አነስተኛ ወርክሾፕ በትእዛዝ ያሠራሁት ኤሌክትሪክ ጊታር ባለፈው ወር ደረሰልኝ። ገላው ማሆጋኒ ነው፤ ፊቱ ሞገድ ሞገድ የሚል ሜፕል፤ የጣት ሰሌዳው ጥቁር የኢቦኒ እንጨት፤ የክሩን ድምፅ የሚለቅሙት ፒካፖች ሁለት ሃምበከር። አቦ፣ ማማሩ! የፊታችን ቅዳሜ ከዚራ ሰፈር የጊታር ወዳጆቼን ሰብስቤ ላሳያቸው ነው። በሳምንቱ ደግሞ ሐረር ሠርግ ላይ እጫወትበታለሁ። ግን ሲመጣ ልስልስ የነበረው የአንገቱ ጠርዝ አሁን እጄን ይቧጭረኛል። ወፍራሞቹን ክሮች በጊታሩ ራስ አካባቢ ስይዛቸው ዝዝ ይላሉ፤ ወደ ገላው ስወርድ ግን ጥርት ያሉ ናቸው። የቶን ቁልፉን ወደ ላይ ስስበው ደግሞ አምፕሊፋየሩ እምምም ይላል። አንድ ወዳጄ ፍሬቶቹን፣ ማለትም የጣት ሰሌዳው ላይ የተመቱትን ቀጫጭን ብረቶች፣ በሞረድ እንብላቸው አለኝ። ተሸውጄ ይሆን? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ዕቃህ ይመር! አልተሸወድክም። የነገርከኝ ሁሉ ደህና እንጨት ደረቅ አገር ሲገባ የሚያሳየው ጠባይ ነው። ሞረዱን ግን ለጊዜው አትንካው።

ጊታር ሠሪዎች የሥራ ክፍላቸውን የአየር እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 በመቶ ያቆዩታል። ያንተ ኢቦኒም የተለካውና ፍሬት የተመታበት እንዲህ ባለ አየር ውስጥ መሆኑ አይቀርም። ከዚያ ወደ ድሬ በጋ መጣ። በዚያ ላይ ቬንቲሌተር ቀን ከሌት ይዞራል፤ ኤሲ ካለህ ደግሞ አየሩን ይብስ ያደርቀዋል። እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው በወርዱ ነው። በርዝመቱ እምብዛም አይነቃነቅም። ፍሬቱ ግን ብረት ስለሆነ ባለበት ይቀራል። እንጨቱ ከሁለቱም ጎን ትንሽ ሲሸሽ የብረቱ ጫፍ ወደ ውጭ ይቀራል። ይኸው ነው እጅህን የሚቧጭረው።

አሁኑኑ ልታየው ትችላለህ። የአውራ ጣትህን ጥፍር በአንገቱ ጠርዝ ላይ አድርገህ ከራሱ ወደ ገላው ቀስ ብለህ አንሸራት። እያንዳንዱ ፍሬት ላይ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ከዚያ ጠርዙን ወደ መስኮት ብርሃን አዙረህ በአግድም ተመልከተው። የብረቱ ጫፎች እየተብለጨለጩ ከጥቁሩ እንጨት አለፍ ብለው ታያቸዋለህ። በማስመሪያ የማይለካ ነገር ነው፤ እጅ ግን አይስተውም።

መፍትሔው ለእንጨቱ ያጣውን እርጥበት መመለስ ነው። የሳሙና ማስቀመጫ ፕላስቲክ ውሰድ። ክዳኑን በጋለ ሚስማር ብሳው። ውስጡ ስፖንጅ አስገባ፤ ስፖንጁን ውኃ አጠጥተህ እስከማይንጠባጠብ ድረስ ጨምቀው። ከዚያ በጊታሩ ሻንጣ ውስጥ፣ በራሱ በኩል፣ እንጨቱን ሳይነካ አስቀምጠውና ሻንጣውን ዝጋ። በየሁለት በየሦስት ቀኑ እያየህ አርጥበው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ብታገኝ ሻንጣው ውስጥ ጣለው፤ ወደ 50 በመቶ ገደማ ሲል ደስ ይበልህ። ከ60 በላይ ካለፈ ስፖንጁን አውጣ። ጊታርህን ሳትጫወትበት ግድግዳ ላይ አትስቀለው፤ በተለይ ከቬንቲሌተር ሥር። ኢቦኒው ደረቀ ብለህም የወጥ ዘይት እንዳትቀባው። እሱ ውሎ አድሮ ይበላሻል፣ ይጣበቃል።

ይህ ነገር እስከ ቅዳሜ አይደርስም። አንድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ግድ የለም። ሞረድን ከዚያ በኋላ እናወራዋለን። እንጨቱ ከረጋ በኋላም ጫፎቹ ከወጡ መሞረድ ተገቢ ነው፤ ጊታሩ ኑሮው ድሬ ነውና ለድሬ አየር መስተካከል አለበት። ያኔም ቢሆን እንጨቱ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ፣ በደቃቅ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ጫፉ ብቻ ነው የሚነካው። ሥራውን ከዚህ በፊት የሠራ እጅ ይሁን። ወዳጅህ ክፉ አላሰበም፤ ግን ዛሬ ቢሞርደው ገና እየተንቀሳቀሰ ያለን እንጨት ነው የሚከተለው። የአንገቱ ጠርዝ ላይ ያለው ቀለም አንዴ ከተጫረ ደግሞ እንደነበረ አይመለስም።

ወደ ዝዝታው እንምጣ። ራሱ አካባቢ ብቻ ዝዝ ብሎ ወደ ገላው ሲወርድ የሚጠራ ጊታር አንገቱ ከልክ በላይ ቀንቷል፤ ምናልባትም ወደ ኋላ ለጥጧል። አንገት ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም። ክሩ ሲመታ የሚወዛወዝበት ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ለመለካት ጊታሩን ቃኘው። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅህ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅህ 17ኛው ላይ ተጫነው። አሁን ክሩ ራሱ ማስመሪያ ሆነልህ። 7ኛውና 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መካከል ምን ያህል ክፍተት አለ? ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌለህ ሁለት ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደርበህ አስገባ፤ ክሩን ሳያነሳ ሻገር ካለ በቂ ነው። ያንተ አንድ ወረቀት እንኳ የሚያስገባ አይመስለኝም።

በአንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት አለ። የክሩን ጉልበት የሚቋቋመው እሱ ነው። አብሮት የመጣውን ቁልፍ ብቻ ተጠቀም፤ የሚቀራረብ ቁልፍ ጉድጓዱን ያሟሽሸውና ጣጣው ትልቅ ነው። ከቁልፉ ፊት ለፊት ሆነህ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደሚላላበት፣ ሩብ ዙር ብቻ አዙር። ደግመህ ቃኘው። አድሮ ለካው። ካነሰ ሌላ ትንሽ ጨምር። ቁልፉ አልዞር ካለህ አታስገድደው፤ ወደ ሠሪው ጻፍና ጠይቀው። ሰውየው በእጁ ሠርቶታልና ከማንም በላይ ያውቀዋል።

አንገቱ ሲስተካከል የክሩ ከፍታም ይቀየራል። 12ኛው ፍሬት ላይ ከብረቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ቀጭኑ 1.5፣ ወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ለብዙ ሰው ይስማማል። ከዚያ በላይና በታች የእጅ ምርጫ ነው።

ቅኝቱን ግን በቸልታ አትለፈው። ብዙ ሰው የላይኞቹን ፍሬቶች በኮርድ ብቻ ፈትሾ ደህና ነው ይላል። የእኛ ዜማ ግን በአንድ ክር ላይ ወጥቶ ይወርዳል። ትዝታን ወይም ባቲን ከ12ኛው ፍሬት አልፈህ ስትጫወት ትንሿ መዛነፍ ጆሮ ላይ ትቆረቁራለች። ስለዚህ አዲስ ክር አስገባ። ክሮቹን በእጅህ ሳብ ሳብ እያደረግህ አለማምዳቸው። ከዚያ በመቃኛ መሣሪያ እያየህ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን በጣትህ ነካ አድርገህ ምታ፤ ቀጥለህ እዚያው ተጭነህ ምታ። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ተጭነህ የመታኸው ከፍ ካለ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) ላይ ያለችውን የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ ሳባት፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ግፋት። ስድስቱንም እንዲሁ። ስትቃኝ ነቱ (በራሱ በኩል ክሮቹ የሚያልፉባት ባለ ቦይ ቁራጭ) አካባቢ ጢቅ የሚል ድምፅ ከሰማህ ክሩ ተቀርቅሯል ማለት ነው። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በመንገዱ ላይ ቀባ አድርግለት።

ስለ ጩኸቱ። እ.ኤ.አ. በ1955 ጊብሰን በተባለው የጊታር ፋብሪካ የሚሠራ ሴዝ ላቨር የሚባል መሐንዲስ ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን ተቃራኒ አድርጎ አጣመራቸው። አንዱ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚለቅመውን እምምታ ሌላው ያጠፋዋል። ሃምበከር («እምምታ ከልካይ» እንደ ማለት) የተባለውም ለዚህ ነው። አንተ የቶን ቁልፉን ወደ ላይ ስትስብ አንዱን ጥቅል ታጠፋዋለህ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ታገኛለህ፤ ጥበቃው ግን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ 50 ኸርዙ መብራታችን ተመልሶ ይገባል። ይህ ብልሽት አይደለም። ክሩን ስትነካ ጩኸቱ ከቀነሰ የጊታሩ ኧርዝ (የምድር መስመር) ደህና ነው። ስትነካ ከባሰ ግን የሆነ ሽቦ ተነቅሏል ወይም ተገልብጧልና አስፈትሸው።

ከእምምታው በላይ ሹል የሆነ ጥዝጥዝታ ካለ ደግሞ የቬንቲሌተሩን ፍጥነት መቀነሻ ጠርጥር። መሃል ላይ ሲሆን በጣም ይረብሻል። ሙሉ ፍጥነት ላይ አድርገው ወይም አጥፋው። ብልጭ ድርግም የሚሉ ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራቶችም እንዲሁ ናቸው። ራስህ ወደ ጎን ዞር ስትል ጩኸቱ የሚጠፋበት አቅጣጫም አለ፤ ፈልገህ እዚያ ቁም።

ቅዳሜን በተመለከተ፣ ቀጠሮህን አትሰርዝ። የአሊ ቢራ ከተማ ውስጥ ጊታር የሚያውቅ ጆሮ ሞልቷል፤ ወዳጆችህም በፊቱ ውበት ብቻ አይረኩም። ስለዚህ መጀመሪያ ሳትሰካው አጫውታቸው። ጥሩ ጊታር ያለ አምፕሊፋየርም ይናገራል፤ ኖታው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የትኛው ፍሬት ላይ እንደሚሞት እዚያው ይሰማል። ከዚያ ገልብጠህ አንገቱ ከገላው ጋር የተጋጠመበትን ቦታ አሳያቸው። የጀርባውን ክዳን ፈትተህ የሽቦ ሥራውንም አሳይ። የንጹሕ ሠሪ እጅ የሚታወቀው ማንም በማያየው ቦታ ባለ ስታኞ ነው። ሠሪው የሰጠህን ወረቀት አምጣ፤ የእንጨቱ ዓይነት፣ የክሩ ውፍረት፣ የክሩ ርዝመት ይጻፍበታል። 648 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ 628? ጓደኞችህ ይህን መጠየቃቸው አይቀርም፤ በርዝመቱ ልክ ክሩ ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳልና። የፍሬቶቹን ነገርም አትደብቅ፤ ደርቆ ነው፣ እያረጠብኩት ነው በላቸው። ሲቀባበሉት እጅ ይታጠብ፣ ቀበቶ ይፈታ። አንድ የቀበቶ ዘለበት ያንን ማሆጋኒ ለዘላለም ይቧጭረዋል።

ወደ ሐረር ስትወጣ ጊታሩን የመኪና ሻንጣ መያዣ ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተወው። አጠገብህ ይቀመጥ። ድንገጎን ስትወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ክር ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ድምፁ ከፍ ይላል። እዚህ ቃኝተኸው ብትሄድ ማታ ሐረር ላይ ተዛንፎ ታገኘዋለህ። ሻንጣውን ሳትከፍት ትንሽ ይቆይ፤ ከዚያ እዚያው ቃኘው፤ ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላም ደግመህ ፈትሸው።

የሠርግ ዳስ መብራት ደግሞ ልብ ይበልህ። ብዙ ጊዜ በረጅም ገመድ ይሳባል፤ ኧርዝ የለውም። አንድ እጅህ ክሩ ላይ ሆኖ ከንፈርህ ማይክራፎኑን ሲነካ መብራቱ በአንተ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ቀድመህ በመልቲሜትር፣ በኤሲ ቮልት መለኪያው፣ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ ሌላውን ማይክራፎኑ ላይ አድርገህ ለካ። ዜሮ አካባቢ ይሁን። በአሥሮች ቮልት ካሳየህ መብራት ሠራተኛው ኧርዝ እስኪያደርግልህ ድረስ አትጫወት። አምፕሊፋየሩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም ጀርባውን አንብብ፤ 120 ቮልት ካለ ያለ ትራንስፎርመር የእኛ 220 ላይ አትሰካው።