ስለ ልጆቻችንና ስለ ሱስ የጠየቃችሁኝ

በአእምሮ ጤና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ አፍላ ወጣቶችና ስለ ሱስ የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ሲስተር፣ የ16 ዓመት ልጄ ቦርሳ ውስጥ ገራባ (የተቃመ ጫት ትርፍራፊ) አገኘሁ። አባቱ "ከቤቴ ይውጣልኝ" ብሎ ተነስቷል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አይውጣ። በዚህ ዕድሜ ከቤት የወጣ ልጅ የሚያርፈው ጓደኞቹ የሚቅሙበት ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ጫቱ ብቻውን አይደለም። ሺሻው አለ፣ ሲመሽ ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣው ጨብሲ አለ።

ዛሬ አታናግሩት። በጫት የመረቀነ ልጅ ወይም ሀራራ (የሱሱ ጥማት) የያዘው ልጅ ምክር አይገባውም። ጠግቦ ተኝቶ፣ በልቶ ሲነሳ ከሁለታችሁ ረጋ ያለው ብቻውን ያናግረው። "እንዴት ታዋርደናለህ" ብላችሁ አትጀምሩ። መቼ ነው የምትቅመው? ከማን ጋር? ሳትቅም ስትውልስ ምን ትሆናለህ? ዋናው ይሄ የመጨረሻው ነው። "ይደብረኛል፣ ሰው ያስጠላኛል፣ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል" ካላችሁ፣ ቁጣም ምክርም አይበቃም፤ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ከጫቱ በፊት የጀመረ ድብርት ወይም ሐዘን ያለበት ልጅ ብዙ ነው። ያ ሳይታከም ጫቱን ብቻ ብታስተዉት፣ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

12ኛ ክፍል ነኝ። ጫት ካልያዝኩ ጥናት አይገባኝም። ማትሪክ እስክፈተን ብቻ ነው፤ ያን ያህል ይጎዳል?

ወንድሜ፣ ያንተን በደንብ ልመልስ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል፤ አንጎልህ ዶፓሚን የሚባለውን ደስታንና ጉጉትን የሚያነሳሳ ኬሚካል በብዛት እንዲለቅ ያደርጋል። ለዚህ ነው እንቅልፍህ የሚጠፋው፣ ምግብ የሚዘጋህ፣ ሁሉም ነገር የገባህ የሚመስልህ። ነገር ግን ያነበብከው ትምህርት አንጎልህ ውስጥ የሚደላደለው ስትተኛ ነው። ሌሊቱን በምርቃና ስትገፋው ያቺን ሰዓት ታጣታለህ።

ራስህን ፈትሽ። ዛሬ ማታ መርቅነህ ያነበብከውን ምዕራፍ ከነገ ወዲያ ደብተር ሳትገልጥ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈው። ሌላ ምዕራፍ ደግሞ ሳትቅም ማታ አንብበህ፣ ተኝተህ ተነስና እንደዚያው ጻፈው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው።

ሌላም ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተህ የምትፈተን ከሆነ ጫት ይዘህ አትገባም። ሀራራው ግን አብሮህ ይገባል። ድካሙ፣ ንጭንጩ፣ እንቅልፉ የሚመጣብህ ልክ ፈተናው ላይ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ አቁም፤ ወሩ ሲደርስ አትበል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ዱካክ (ቅዠት) ይመጣብሃል፣ ትፈዛለህ። ያልፋል። ቀን ቀን አጥና፣ ማታ ተኛ፣ ቁርስህን ብላ።

እኛም እኮ ቅመን ነው ያደግነው። የአሁኖቹ ላይ ለምን ይካበዳል?

እናንተ ተርፋችሁ ይሆናል። አብረዋችሁ ከቃሙት ስንቶቹ ቀርተዋል?

የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት አካባቢ ገና እየተሠራ ነው። ደስታንና ጉጉትን የሚያነሳሳው ክፍል ቀድሞ ይበረታል። ማመዛዘንና ራስን መግታት የሚችለው፣ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ቶሎ ይለምዳል፤ መተው ግን ከአዋቂ ይልቅ ይከብደዋል። አልኮልም እንዲሁ ነው። 15 ዓመት ሳይሞላቸው መጠጣት የጀመሩ ሰዎች፣ ዘግይተው ከጀመሩት ይልቅ የመጠጥ ሱሰኛ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በበዓል ለልጅ "ቅመስ" እየተባለ አረቄ ሲሰጥ ሳይ ያንገበግበኛል።

መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ "ሺሻ ከሲጋራ ይሻላል፣ ውሃው ያጣራዋል" ይሉኛል።

ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። ኒኮቲኑ አለ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝም አለ። ለአንድ ሰዓት ሲያጨሱ ወደ ሳንባ የሚገባው ጭስ ከአንድ ሲጋራ እጅግ ይበልጣል። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሺሻን ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥ ክልክል ነው። ትምህርት ቤታችሁ በር ላይ የሚሸጥ ካለ ከወላጆች ጋር ሆናችሁ ለወረዳው አመልክቱ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ በቬፕ (በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ማሪዋና ያጨሳል። "እዚህ ሕጋዊ ነው" ይለኛል።

ሕጋዊ የሆነው ከ21 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ለእሱ አይደለም። በቬፕ የሚጨሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኃይሉ የበረታ ነው። በልጅነት አዘውትሮ መጠቀም የማስታወስ ችሎታን ይጎዳል፣ ለሥነ ልቦና ቀውስም ያጋልጣል። በቤተሰባችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለ አደጋው ይብሳል። ያለ ምክንያት ሰው የሚከተለው ከመሰለው ወይም ድምፅ ከሰማ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ያን ዕለት ሐኪም ጋ ውሰደው።

የሠፈር ልጆች ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በቢራ ይወስዳሉ። አደገኛ ነው?

በጣም! ትራማዶል ከአልኮል ጋር ሲሆን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ብቻውንም በብዛት ሲወሰድ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል። ልጅ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ "ይተኛበት" አትበሉ። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ምን እንደወሰደም ሳትደብቁ ተናገሩ። ለወራት ሲወስድ የቆየ ደግሞ በአንዴ አይቁረጥ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሰው።

የት እንሂድ? ዘግይተን ከሆነስ?

ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ይጽፉላችኋል። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። "አማኑኤል ታየ" መባልን ፈርታችሁ አትቅሩ። ስለ መዘግየቱ፦ ያልደረሰው አንጎል በቀላሉ እንደሚጎዳ ሁሉ የማገገም አቅሙም ትልቅ ነው። ሲያቆሙ መጀመሪያ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። ትኩረትና ማስታወስ ወራት ይፈልጋሉ። መሃል ላይ አንድ ቀን ቢቅም ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ቀጣዩን ቀጠሮ እንዳያስቀር አብራችሁት ሂዱ።