በ60 ዶላር ሦስት ልጅ ለሃሎዊን ማልበስ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ለአስተማሪው ጻፊ

እህታችን፣ «ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ያለኝ 60 ዶላር ነው፣ ስፌት አልችልም፣ ለሃሎዊን ምን ላልብሳቸው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። «ዝም ብለሽ ግዢና ተገላገዪ» የሚሉሽን አትስሚያቸው። እነሱ አንድ ልጅ ነው ያላቸው። ሱቅ ከሄድሽ ደህና የሚባለው ልብስ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፣ ጨርቁ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ፤ ልጁ አንዴ ቁጭ ሲል ከኋላ ይተረተራል። እኔም እንዳንቺው ሦስት አሉኝ። ሌሊት ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ናት። ባለፈው ዓመት ልጆቹንም እኛንም ጨምሬ ከ40 ዶላር ባነሰ ቤተሰቡን በሙሉ አልብሼ ወጥቻለሁ፤ ሰፈሩ እስካሁን ያወራዋል። ስለዚህ ከሰማሁት ሳይሆን ከሠራሁት ልንገርሽ።

ሃሎዊን፣ ልጆች ልዩ ልብስ ለብሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ የሚሰበስቡበት ምሽት፣ ይከበራል አይከበርም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፣ አንቺም አልጠየቅሽም። ግን ቤትሽ ትልቅ ሰው ካለ ቀድመሽ ተስማሚ። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። የሃሎዊን ቀን ኦክቶበር 31 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ነው የሚውለው፣ ማርያም ናት። «በማርያም ቀን ልጆቹን ሰይጣን ልታስመስላቸው ነው?» አሉኝ። ተደራደርን። አጽም የለም፣ ቀንድ የለም፣ ደም የለም። ይሄ ስምምነት ኪሴንም ጠቀመኝ፤ የሚያስፈራው ነገር ሁሉ ጭምብልና ልዩ ቀለም ይፈልጋል፣ ብር የሚበላው እሱ ነው።

1ኛ፣ ከሱቅ አትጀምሪ፣ ከቁም ሳጥንሽ ጀምሪ። ያን ቀን ማታ ይበርዳል። እኔ ያለሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፣ በዚያ ሰሞን ፀሐይ በዚህ አገር ሰዓት ከምሽቱ 6 ሰዓት ከ10 ገደማ ላይ ትጠልቃለች፣ ልጆቹ የሚዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። የሱቁ ልብስ ስስ ስለሆነ ከላይ ጃኬት ይደረብበታል፤ 35 ዶላር የወጣባት ፕሪንሰስ ጃኬት ለብሳ ስትዞር ማንም ምን እንደሆነች አያውቅም። ስለዚህ መሠረቱ ሁዲ (ኮፍያ ያለው ሹራብ) እና ቱታ ይሁን። ከሌለ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ጉድዊል ሂጂ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ውሰጂ፣ ከሥሩ ሹራብ ይገባል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስለሚለብሱት እኔ ይሄን ከበጀቱ አልቆጥረውም። ባለቤቴ ትቆጥረዋለች፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

2ኛ፣ ዕቃ። ዶላር ትሪ የሚባለው ሱቅ ውስጥ አብዛኛው ነገር ርካሽ ነው። የምትፈልጊው የላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ፣ የወረቀት ሳህን፣ ባለ ሁለት ፊት ቴፕ፣ ሲጫኑት የሚበራ ትንሽ የባትሪ መብራት፣ የፀጉር ማስያዣ ነው። የዱሮ ምክር የሚሰጡሽ ሰዎች «ለጨርቅ ጆአን ሂጂ» ይሉሻል፤ ጆአን በ2025 ሱቆቹን ሁሉ ዘግቷል፣ ነዳጅሽን አታቃጥዪ። ፌልት ጨርቅ ማይክልስም ዋልማርትም አለ። ፌልት ለኛ ዓይነቱ ስፌት ለማይችል ሰው የተሠራ ነው፤ ስትቆርጪው ጫፉ አይተረተርም፣ መጥለፍ አያስፈልገውም። ካርቶን በፍጹም እንዳትገዢ። ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ የሚሸጥበት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፣ ከጀርባ ቁልል ነው፣ ስለወሰድሽላቸው ደስ ይላቸዋል። በሰፈርሽ ዕቃ በነፃ የሚሰጣጡበት ባይ ናቲንግ ግሩፕ ካለም ገብተሽ ጻፊ፣ ሰው የአምናውን እየጣለ ነው።

3ኛ፣ ሙጫ። ግሉ ገን፣ ሙጫ በሙቀት የሚያቀልጠው መሣሪያ፣ ያስፈልግሻል፣ ዝቅተኛ ሙቀት ያለውን ያዢ። ፌልትና ካርቶን ላይ ግሩም ነው። ስስ ላስቲክ ላይ ግን እንዳትሞክሪው፣ ያቀልጠዋል፣ በስቶ እጅሽን ነው የሚያገኘው። ለላስቲክ ባለ ሁለት ፊት ቴፕ ነው። ልጅ በለበሰው ልብስ ላይም አትለጥፊ፣ አውልቀሽ ጠረጴዛ ላይ።

እኛ ያሰብነው መገናኛን ነበር። አዎ፣ የአዲስ አበባውን መገናኛ። ትልቁ ልጄ የትራፊክ መብራት፣ ሕፃኑ ጋሪው ላይ እንዳለ ሰማያዊ ታክሲ፣ ባለቤቴ ወያላ፣ እኔ ትራፊክ። የኔ ወጪ ዜሮ ነው፤ የሥራ አንጸባራቂ ሰደርያዬንና አንድ ፊሽካ ይዤ ወጣሁ። የባለቤቴም ዜሮ፣ ኮፍያ ገለበጠች፣ አንድ አንድ ዶላሮቹን በቁመታቸው አጥፋ በጣቶቿ መሃል ሰካች፣ ከዚያ «መገናኛ፣ መገናኛ፣ አንድ ሰው!» እያለች ሰፈሩን ስታናውጠው አመሸች። መካከለኛዋ ልጃችን ግን ንብ ካልሆንኩ አልወጣም አለች። መገናኛ ላይ ንብ ምን ትሠራለች ብዬ ብጠይቃት «ትሳፈራለቻ!» አለችኝ። እሺ።

ንቧ ቀላል ናት። ጥቁር ሁዲ፣ ቢጫ ፌልት በሰፊ በሰፊው ቆርጠሽ፣ ከውስጥ በመርፌ ቁልፍ። ብዙ ሰው ቢጫ ቴፕ ለጥፊ ይልሻል፤ ቴፕ ልጅ ስትታጠፍ ይላቀቃል፣ ብርድ ሲመታው ጭራሽ ይወድቃል፣ ልብሱ ላይ ደግሞ ማጣበቂያውን ትቶ ይሄዳል። ክንፉ ከሽቦ የልብስ መስቀያ ነው። ጠምዝዘሽ ቅጠል አስመስዪው፣ አሮጌ ስቶኪንግ ወጥሪበት፣ የሽቦውን ጫፍ ደርበሽ በቴፕ ጠቅልዪ፣ ዓይን አካባቢ ነው የሚውለው።

የትራፊክ መብራቱ ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም አንቺም ወንድ ልጅሽ ሮቦት መሆን እንደሚፈልግ ጽፈሻል፣ አሠራሩ አንድ ነው። ካርቶኑ ከትከሻ እስከ ጉልበት በላይ ይሁን። ከጉልበት ከወረደ የሰው ቤት ደረጃ መውጣት አይችልም፣ አንቺ ነሽ ስትሸከሚው የምታመሺው። ከላይ ለጭንቅላት፣ ከጎን ለእጅ ቀዳዳ፣ ከታች ክፍት። በውሃ ቀለም አንድ ፊቱን ብቻ ከቀባሽው ካርቶኑ ሲደርቅ ይቆለመማል፤ እኔ ቀለሙን ትቼ ጥቁሩን የጠረጴዛ ልብስ እንደ ስጦታ ዕቃ ጠቀለልኩበት፣ አለቀ። ሦስቱ መብራቶች የወረቀት ሳህን ናቸው፣ መሃላቸውን ቀድጄ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ስጦታ መጠቅለያ ላስቲክ ወጠርኩበት፣ ከኋላ የባትሪዎቹ መብራቶች። ልጁ ከውስጥ እጁን ሰዶ ሲጫናቸው ይበራሉ። ዋናው ብልሃት ማንገቻው ነው። ካርቶኑ በአንገት ቀዳዳው ላይ ካረፈ አንገቱን ይልጠዋል። ከአሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሁለቱን ማንገቻ ቆርጬ ከውስጥ ከፊትና ከኋላ አሰርኩ፣ ክብደቱ ትከሻው ላይ ዋለ፣ ዳር ዳሩን ስፖንጅ አደረግኩበት። ሐበሻ ጎረቤታችን ከሩቅ አይቶ «ወንድሜ፣ ባንዲራውን ዘቀዘቅከውኮ!» ብሎ ጮኸ። አስረዳሁት፣ ሳቀ፣ ግን ሙሉ በሙሉ ያመነኝ አይመስለኝም።

የጋሪው ታክሲ ሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን ነው፣ ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ፣ በዚፕ ታይ (በላስቲክ ማሰሪያ) ጋሪው ግራና ቀኝ የታሰረ። ጎማና ፍሬን አትሸፍኚ፣ ከላይ ክፍት ይሁን። አሜሪካኖቹ «ፖሊስ መኪና ነው?» እያሉ ጠየቁ። ፊት ለፊቱ ላይ «ቦሌ» ብለን ጽፈን ነበር፣ ያነበቡት ሐበሾች ፎቶ ካልተነሳን አሉ።

4ኛ... አዎ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ያበገነኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤት።

ትምህርት ቤቱ ቀደም ብሎ በልጁ ቦርሳ ወረቀት ልኮልን ነበር። ጭምብል አይቻልም፣ መሣሪያ የሚመስል ነገር አይቻልም፣ ደም የሚታይበት አይቻልም። አነበብኩት፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ስለ ካርቶን አንድ ቃል የለበትም። ጠዋት ከሥራ ወጥቼ፣ እንቅልፌን ተሸክሜ፣ ልጁን ይዤ ሄድኩ። ቀይዋን እያበራ እያጠፋ ነው የሚሄደው፣ መንገድ ላይ መኪና ሁሉ ያጨበጭብለታል። ቢሮው ጋ ስንደርስ ዴስክ ላይ ያለችው ሴትዮ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳን ሳትል «ያ ነገር አይገባም» አለችኝ። ያ ነገር! ውስጡ ያለው ልጄ ነው።

ወረቀቱን አወጣሁላት። የቱ ጋ ነው ካርቶን ክልክል ነው የሚለው አልኳት። «ፖሊሲ ነው።» የትኛው ፖሊሲ? «የደኅንነት።» እንዲህ እየተባባልን ሳለ በአየር የሚነፋ ዳይኖሰር፣ ከኔ ልጅ ካርቶን ሁለት እጥፍ የሚሰፋ፣ ጀርባው ላይ ማራገቢያው እየጮኸ፣ በሩ ጠቦት በጎኑ ዞሮ ገባ። ሴትዮዋ «ውይ፣ ስታምር!» አለችው። የተገዛ ነዋ! ልጄ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኃላፊ ጥሪልኝ ብላት ስብሰባ ላይ ናቸው። ስንቱን ቢሮ አይቻለሁ፣ እንደዚህች ያለ ፊት የነሳኝ የለም።

ያዳነን አስተማሪው ነው። በኮሪደር ሲያልፍ አየንና ወጣ። ረጋ ብሎ ነገረኝ፤ የነሱ ችግር ካርቶኑ ሳይሆን ልጁ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥ አለመቻሉና ሽንት ቤት ብቻውን አለመግባቱ ነው። ይሄን ወረቀቱ ላይ ለመጻፍ ምን አቃታቸው? ልጆቹ ልብሳቸውን የሚያሳዩበት ሰልፍ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ይዘህው ና፣ እኔ አለብሰዋለሁ አለኝ። ልጁ በጥቁር ሁዲው ክፍል ገባ፣ እኔ ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ቤት፣ እንቅልፍ ሳይነካኝ ተመለስኩ። ግን ሰልፉ ላይ ብታዪ! ልጄ «ቀይ!» ሲል ግቢው በሙሉ ይቆማል፣ «አረንጓዴ!» ሲል ይሮጣል፣ ርዕሰ መምህሯ ራሷ ስልኳን አውጥታ ቀረጸችው። የቢሮዋ ሴትዮም በመስኮት ስታጨበጭብ አየኋት። ዞር አልኩባት።

ስለዚህ አንቺ ካርቶን ከመቁረጥሽ በፊት ለአስተማሪው ኢሜይል ጻፊ። በስልክ አይደለም፣ በጽሑፍ፣ መልሱ እጅሽ ላይ ይኑር። ልጁ ቀኑን ሙሉ ይለብሰዋል ወይስ ለሰልፉ ብቻ? እስከዚያ የት ይቀመጣል? አውቶቡስ ይገባል? የኛ ሹፌር ካርቶን አያሳፍርም። አንዳንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ልብሱን ጭራሽ አይፈቅድም፣ በብርቱካንማና በጥቁር ልብስ ይተካዋል፤ እሱን ካርቶኑን ከጠቀለልሽ በኋላ ብትሰሚው ያምሻል። የሠራሽውን ፎቶ አያይዢ።

የቀረውን በፍጥነት። በረንዳ ላይ ፊት አስመስለው በፈለፈሉት ዱባ ውስጥ እውነተኛ ሻማ የሚያበሩ ሰዎች አሁንም አሉ፣ ስለዚህ የሚንጠለጠል ቀሚስ፣ ካባ፣ ጥጥ የተለጣጠፈበት በግ ይቅርብሽ፣ ቶሎ ነው የሚያያዘው። ትንሿን በግ አደርጋታለሁ ስላልሽ ነው፤ ነጭ ሁዲ፣ የፌልት ጆሮ፣ ይበቃታል። ጥቁር የለበሰ ልጅ ላይ ከኋላም ከፊትም አንጸባራቂ ቴፕ ለጥፊ፣ ሹፌር በጨለማ አያየውም። ጭምብል ከማድረግ ፊት መቀባት ይሻላል፣ ቀለሙን ከቀናት በፊት ክንዷ ላይ ሞክሪው፣ ቆዳ የሚያሳክክ አለ። በመኪና ከሄዳችሁ ክንፉም ካርቶኑም ኋላ ይጫን፤ በመቀመጫው ቀበቶ ሥር ወፍራም ነገር አይደረግም። የአዋቂ ሰው ባለቀለም የዓይን ሌንስ ከመንገድ ላይ እንዳትገዢ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡ ራሱ እዚህ አገር ሕገወጥ ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሱቆቹ የተረፋቸውን በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ያወርዱታል፣ መብራቱንና ቴፑን የዚያን ጊዜ ግዢና ለከርሞ አስቀምጪ።

የትራፊክ መብራቱ ጋራዣችን ውስጥ አለ፣ አንዱ ሳህን ብቻ ነው የተቀደደው። ልጄ ዘንድሮ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። ወደዚህ አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂው፣ ብር ቀለም ቀብተሽ ለሮቦቱ ይሆንሻል፣ ማንገቻው ተሠርቶ ያለቀ ነው። የንቧን ክንፍ ግን አትጠይቂኝ፣ ባለቤቷ አትሰጥም።